የፊታውራሪ መሸሻ ግብር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ሲደርስ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ቢቸናና ሞጣ ይወስደዋል። ባለፈው ክረምት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ደጀን ባደርኩበት ምሽት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ገለጥኩ። ዲማ ጊዮርጊስ የሚገኘው በቢቸናው መንገድ በኩል ነውና፣ መጽሐፉን በደጁ ሆኜ የማነብ ያህል ተሰማኝ።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ያላዘነ አንባቢ ጥቂት ነው። ሐያስያንም ብዕራቸውን ያደከሙት በፍቅሩና በጉዱ ካሣ ላይ ነው። እኔን ግን በዚህኛው ንባቤ የያዘኝ ባላገሩ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ አምጡ ይላሉ፤ ባላገሩ አንሰጥም ይላል። ፊታውራሪው ሊያስገብሩት ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው የሚመራው ባላገር ድል አድርጎ ይማርካቸዋል። ብዙዎቻችን ስቀን የምናልፈው ታሪክ ነው።

ገዢ የሚያዘው ተገዢው እሺ ሲል ነው የሚለውን ሐሳብ በትምህርት ቤት የሰማነው ከፈረንጅ ስም ጋር ነው። አሜሪካኖች እንደራሴ ባልላክንበት ሸንጎ የተቆረጠ ግብር አንከፍልም ብለው ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር መጣላታቸውን ተምረናል። ለዓመታት በየትምህርት ቤቱ የተሰጠው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርትም የሕግ የበላይነትን፣ እኩልነትን፣ ፍትሕን እያለ 11 እሴቶችን ደርድሮ አስጠናን። ተማሪው በቃሉ ይዟቸዋል፤ ተፈትኖም አልፎባቸዋል። ነገር ግን ይህ የባላገሩ ሙግት ያለውን ያህል ነፍስ የዘራበት መማሪያ መጽሐፍ እኔ አላየሁም።

ይሁን እንጂ ምስጋናዬ ሙሉ አይደለም። የባላገሩ ድል ፊታውራሪውን ያዋርዳል እንጂ የፊታውራሪነትን ሥልጣን የሚገድብ ነገር አይተክልም። ጉዱ ካሣም ያያል፣ ይናገራል፤ ንግግሩ ግን እንደ እብደት ተቆጥሮ ይቀራል። ልቦለዱም ወደ ፍቅሩ ይመለሳል። የከርሞውን ግብር ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህ የደራሲው ድካም ነው ወይስ የዘመኑ እውነት? መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን አጣለሁ የሚል ስጋትም ገብቶት በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ቦታዎች ተነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ሹሙ ተሻረ፤ የልቦለዱ ጥያቄ ግን እንደገና ሜዳ ላይ ቀረ።

ልብ በሉ፤ ያ ዐዋጅ በፓርላማ ያለፈ ነበር። አሜሪካዊው አማካሪ ጆን ስፔንሰር በዝግጅቱ በተሳተፉበት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት፣ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። ነገር ግን ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ማሳየት ያስፈልግ ነበር። እንደራሴነት በወረቀት ላይ ነበረ፤ ገበሬው ግን አቤት የሚልበት ደጅ አድርጎ አላየውም። አሜሪካኖችም በጠመንጃ ነው የጀመሩት። ሆኖም በ1787 እ.ኤ.አ. በጻፉት ሕገ መንግሥት፣ የግብር ረቂቅ ሁሉ መጀመሪያ ሕዝብ በቀጥታ ከመረጠው ምክር ቤት እንዲመነጭ ደነገጉ። ባሪያውን ከዚያ ድምፅ ውጭ መተዋቸው የራሳቸው ጉድ ነው፤ እምቢታን ወደ ሥርዓት መለወጣቸው ግን ሊጠና የሚገባው ነው።

ስለዚህ የዜግነት ትምህርት ለሚያስተምሩ አንድ ነገር ልበል። ያን የልቦለዱን ክፍል ያስነብቡ፤ ከዚያ «ፊታውራሪው ከተማረኩ በኋላስ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ደራሲውንም የለቀቃቸው አይመስለኝም። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ለሰብለ ያለቀስን ብዙ ነን፤ ያንን መጽሐፍ ያነበብን ግን ስንት ነን?