የራዲሽና የጎመን ቀልድ የዘለለው ነገር

ስለ ዕፅዋት ማዳቀል ሲነሳ የሚወራ አንድ ቀልድ አለ። ካርፔቼንኮ የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ራዲሽን ከጥቅል ጎመን ጋር አዳቀለ፤ ሥሩ ራዲሽ፣ ቅጠሉ ጎመን እንዲሆንለት ይባላል። የበቀለው ግን ግልባጩ! የራዲሽ ቅጠል፣ የጎመን ሥር። ተሳቀ፣ አለቀ።

ቀልዱስ ደግ ነው። ቅር የሚለኝ፣ ዋናው ነገር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ማቆሙ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እዩት። ራዲሽ 18 ክሮሞሶም አለው፤ ጎመንም 18። ዲቃላው ከየወላጁ 9 ስለሚወስድ እሱም 18 ነው። ታዲያ ለምን መካን ሆነ? ቁጥሩ ሞልቶ አቻው ስለጎደለ! የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች መጀመሪያ ከአቻቸው ጋር ይጣመራሉ፣ ከዚያ ተለያይተው እኩል ይካፈላሉ። እዚህ ግን የራዲሹ ክሮሞሶም ከጎመኑ መሀል ሁነኛ አቻ የለውም። ስለዚህ ክፍፍሉ የዘፈቀደ ይሆናል፤ አንዱ ሕዋስ 7፣ ሌላው 11 ቢደርሰው አይገርምም። አብዛኞቹም ይመክናሉ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ክፍፍሉ ጭራሽ ይከሽፍና 18ቱም በአንድ የዘር ሕዋስ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲህ ያሉ ሁለቱ ሲገናኙ 36! አሁን እያንዳንዱ አቻ አገኘ፤ ከዚህ የበቀለው ተክልም ዘር ሰጠ። መካንነቱን የፈታው ራሱ የክፍፍል ስህተት ነው፤ ቀልዱ የዘለለው ይህን ነው። የምትበሉት ጤፍ እንኳ 40 ክሮሞሶሙን የወረሰው ከሁለት የተለያዩ የሣር ዝርያዎች ነው።

ካርፔቼንኮ በ1941 (እ.ኤ.አ.)፣ በስታሊን ዘመን፣ ታስሮ ተገደለ። ስሙ በማይበላ ጎመን ብቻ መነሳቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያበሳጨኛል።