ሠላሳ ሁለተኛው አንቀጽ

ከአዳማ በአዋሽ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ስምጥ ሸለቆውን ጨርሶ ዳገቱን ሲወጣ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ያገኛል። የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተዋል፤ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል። ከተማ ከመቆርቆራቸው በፊት «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው፣ በእንስሳት ተረት የሹማምንቱን ብልሹነት በግልጽ ቢነቅፉ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። የሙያቸው ልክ በደንብ የሚታየው ግን ባረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ነው።

አርአያው እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። የጃፓኑ 76 አንቀጽ አለው፣ የእኛው 55። የንጉሠ ነገሥቱን ክብርና ቅድስና በመደንገግ ይመሳሰላሉ። ምክር ቤቱ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። የጃፓኑ 35ኛ አንቀጽ የታችኛውን ምክር ቤት አባላት ሕዝብ እንዲመርጣቸው ያዛል። ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት በዚያን ጊዜ መኳንንቱን ማስኮረፍ ነበር፤ ዘሎ ማለፍ ደግሞ ምክር ቤቱን የስም ብቻ ማድረግ።

የእኛው 32ኛ አንቀጽ ሁለቱንም አላደረገም። የሕግ መምሪያ የሚባለውን የታችኛውን ምክር ቤት አባላት መሳፍንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ፈቀደ፤ ይህ ግን ለጊዜው መሆኑን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ብቻ የሚቆይ መሆኑን እዚያው አብሮ ደነገገ። መኳንንቱ መብቱን ያገኙት በውሰት ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። እንከንም አለበት፦ ሕዝቡ ለመምረጥ መቻሉን ማን እንደሚፈርድ አይናገርም፣ ቀነ ገደብም የለውም። ስለዚህም ሕዝብ ተወካዮቹን የመረጠው የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ነው፤ ውሰቱ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆየ።

ተክለ ሐዋርያት ኋላ ተሰደው፣ ሲመለሱ ሂርና ላይ በእርሻ ኖሩ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ የታተመው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እዚያ ብዕራቸው ለማንም አይመለስም፤ ንጉሠ ነገሥቱን ጭምር ይተቻሉ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ ረቂቁ ላይ የሚታየው ቁጥብነት ከፍርሃት ሳይሆን ከሙያ የመጣ መሆኑን ይረዳል።