የድካም ፍሬ ለማን ነው?

የባላገርን ኑሮ የሚለውጠው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በተነሣ ቍጥር ከቀደሙት ጸሐፊዎቻችን መካከል ስማቸው አስቀድሞ የሚጠራው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ ይኖራል። ይሁን እንጂ ከሚያመሰግኑት ሰዎች ብዙዎቹ መጽሐፉን በግማሹ የሚያነቡት ይመስለናል።

ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ዕውቀት የተናገሩት ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት የጐደለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ድካም ይለውጣል ይላሉ። ይህ ሊታበል የማይችል እውነት ነው። ከዚህ ተነሥተው ግን አንዳንዶች የገበሬው ድኽነት ካለማወቁና አዲስ ነገርን ከመጥላቱ ብቻ የመጣ አድርገው ይናገራሉ፤ መድኃኒቱም ማዳበሪያ፥ ምርጥ ዘርና ምክር ብቻ ሆኖ ይቀርባል።

የመጽሐፉ ሁለተኛ ፊት ሌላ ነገር ያሳየናል። በድሬዳዋ በነጋድራስነት ያገለገሉት እኒህ ሰው ወታደሩ በገበሬው ጫንቃ በሚኖርበትና ጦርነት በማያቋርጥበት አገር ሀብት ሊከማች እንደማይችል አጥብቀው ጽፈዋል። ነገ የሚወሰድበትን ዛሬ ተግቶ የሚያተርፍ ሰው የለምና።

ይህ ፊት ሲዘነጋ የሚመጣውን ነገር አርሲ አሳይታናለች። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ምርጥ የስንዴ ዘር፥ ማዳበሪያ፥ ብድርና የተዳቀሉ የወተት ላሞች ለገበሬው ቀረቡለት። አዲስ ነገር ይጠላል የተባለው ገበሬ በደስታ ተቀበለ፤ የስንዴውም ምርት ከፍ አለ። ዳሩ ግን ምርቱ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ ተወደደ፤ ኪራዩ ጨመረ፤ አያሌ ባለመሬቶችም ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ጭሰኛውን ሊረዳ የመጣው ዕውቀት ጭሰኛውን ነቀለው። ጥፋቱ የዘሩ ወይም የማዳበሪያው አልነበረም፤ መሬቱ የእርሱ አለመሆኑ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ብዙ ሳይቈይ ገበሬው እህሉን በተቈረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። የባለመሬቱ ቍና ቀርቶ የመንግሥት ሚዛን ተተካ ማለት ነው። ኮታው በ1982 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ገበሬው አብዝቶ ለማምረት ምን ያተጋው ነበር?

በአንጻሩ በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋውን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንመልከት። ገበሬው መሬቱን መሸጥ ባይፈቀድለትም፥ ስሙ በተጻፈበት ማሳ ላይ እርከን ለመሥራትና የተሠራውን ለመጠገን ይበልጥ እንደሚተጋ ታይቷል። ቀላል ወረቀት የምትመስለው ደብተር የድካሙን ፍሬ ስለምታስተማምነው ከብዙ ስብከት ይልቅ ሠርታለች። የመንገድን፥ የገበያንና የትምህርት ቤትን ኃይል አናቃልልም፤ ግን እነዚህም ሁሉ የሚያፈሩት ትርፉ ለደከመው ሰው ሲተርፍ ነው።

መጽሐፉን የምንነቅፍበት አንድ ነገር አለ። ነጋድራስ ለውጡን ሁሉ ከላይ፥ ከዐዋቂ መንግሥት ይጠብቃሉ። ገበሬው በገጾቻቸው ላይ የሚታዘንለትና የሚጠበቅ ሆኖ ይታያል እንጂ ራሱ ሲያመዛዝንና ሲመርጥ እምብዛም አናየውም። የጭላሎ ገበሬ ግን የሚጠቅመውን ለይቶ መርጦ ነበር፤ የጐደለው የመረጠውን የሚያስጠብቅለት መብት ነው።

ስለዚህ መምህራን ይህን መጽሐፍ ሲያስተምሩ ሁለቱን ፊቶች አብረው እንዲያሳዩ እንመኛለን። በሥራ ላይ ያለንም ሹማምንትና ጸሐፊዎች «ገበሬው ለምን አይቀበልም?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ቢቀበል ትርፉን የሚበላው ማን ነው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ለዚህ ጥያቄ የታመነ መልስ በተገኘበት ቀበሌ ዕውቀት ሥር ይሰዳል፤ ባልተገኘበት ግን ምርጥ ዘርም ቢሆን ለሌላ ጐተራ ይበቅላል።