የመላጊያ ምላጭን ጀርባ ስለ ማቅናት

ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን፣ በናይል ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በሻሂናብ፣ የሥነ ቅርስ ተመራማሪው አንቶኒ አርኬል እ.ኤ.አ. በ1949 ካገኛቸው ጥንታዊ የድንጋይ መሮዎች ውስጥ ብዙዎቹ ሪዮላይት ከተባለ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተጠረቡ በኋላ ስለታቸው በፍግፈጋ የተስተካከለ ሲሆን፣ ለእንጨት ሥራ እንደዋሉ ይገመታል። ጠራቢው ድካሙን ሥራው በሚጠይቀው ቦታ ላይ ማዋሉ፣ ዛሬ በካርቱም የመላጊያ ምላጭ የሚስል አናጢም ሊከተለው የሚገባ ማስተዋል ነው። ስለት የሁለት ገጾች መገናኛ ስለሆነ ጀርባው ካልቀና የቱንም ያህል ቢሳል አይሰላም፤ ሆኖም ከአፉ ጀምሮ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቀና የቀረው ሻካራ ቢሆን አይጎዳም።

ለማቅናት ለሚመረጠው መሳያ ከጥርሱ ጥንካሬ ይልቅ የራሱን ቅርጽ መጠበቁ ይበልጣል፤ ለስላሳ ድንጋይ መሐሉ እየጎደጎደ ሲሄድ የምላጩን ጀርባ ሆዳም ያደርገዋልና። በወፍራም መስታወት ላይ የተለጠፈ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ወይም ዝርግ የአልማዝ ሰሌዳ ከዚህ ጉድለት ያድናል። ብርጭቆ ወረቀቱ የተሠራበት ሲሊከን ካርባይድ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9.5 ገደማ ስለሆነ ብረትን ፈጥኖ ይበላል፤ ነገር ግን ጥርሱ ቶሎ ስለሚሰባበር ደጋግሞ መቀየር ያስፈልጋል። ጭረትን ፈርቶ በደቃቁ መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጉብታው ይወለወላል እንጂ ጉድጓዱ አይደረስበትም። ጎርበጥባጣ ጀርባ በሻካራው 120 ቁጥር ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ደቃቁ 1000 ቢሻገር ይሻላል።

ለናይል ጀልባዎች ሲያገለግል የኖረው ሱንት የተባለው የግራር ዓይነት ጠንካራ በመሆኑ ስለትን ቶሎ ያዶለዱማል፤ ስለዚህ ለዘወትር መሳል ዋጋው ቢከብድም የአልማዝ ሰሌዳ ያዋጣል። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ውኃ በመሳያው ላይ ስለማይቆይ ቀጭን የማሽን ዘይት ይመረጣል፤ ዘይት ደግሞ አቧራ ይይዛል። ሃቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል የሚያመጣው አሸዋ ኳርትዝ ስላለበትና የኳርትዝ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 7 ስለሆነ፣ በደቃቁ መሳያ ላይ ያረፈች አንዲት ቅንጣት እስከ አፉ የሚደርስ ጭረት ልትተው ትችላለች። በመሆኑም መሳያው በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ከሥራ በፊትም ይጠረጋል። ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር ምላጩ ከቀድሞው በተለየ አቅጣጫ ይፈገፈጋል፤ የቀድሞው ጭረት በአፉ ጥግ እስኪጠፋ ድረስም ወደሚቀጥለው አይታለፍም።