«ትንኝ» የተባለው ቃል እና በዓይን የማይለዩ ዝርያዎች

የነፍሳት ጥናት ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው «ትንኝ» የሚለው ቃል ነው። በጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበውም፣ ወባ የምታስተላልፈውም በሕዝቡ አነጋገር ትንኝ ናት። «የወባ ትንኝ» የሚለው ጥምር ስም ችግሩን በከፊል አቃለለው እንጂ አልፈታውም።

አኖፌሊስ ጋምቢዬ አንዲት ዝርያ ሳትሆን በዓይን የማይለዩ የብዙ ዝርያዎች ድምር መሆኗ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በማዳቀል ሙከራ ተረጋገጠ፤ ወንዶቹ ዲቃሎች መካን ሆነው ተገኝተዋልና። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ከእነዚሁ አንዷ፣ አኖፌሊስ አራቢየንሲስ ናት። ስለዚህ በቀድሞ ጽሑፍ ውስጥ «ጋምቢዬ» የሚለውን ያገኘ ተርጓሚ ስሙ በሰፊው ትርጉም ወይስ በጠባቡ እንደ ተነገረ ሳይመረምር ቢገለብጠው፣ አንዷን በሌላዋ ይተካል። ድምሩን «ውስብስብ» ማለትም ስሕተት ነው፤ አስቸጋሪነትን እንጂ ስብስብን አያመለክትም። «የእኅትማማች ዝርያዎች ስብስብ» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ከእነዚህ እኅትማማቾች አንዷ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጅማ አካባቢ ተገልጻ፣ በ2013 አኖፌሊስ አማሪከስ ተብላለች። በአመዛኙ የከብት ደም የምትመገብ ስለ ሆነች በወባ አስተላላፊነት አትጠረጠርም። የላቲኑ ስም ከአማርኛ ተወስዶ ሳለ አማርኛው ለእርስዋ ስም የለውም! ይህን አይቶ «የአማራ ትንኝ» ብሎ ለመተርጎም የሚቸኩል አይጠፋም፤ ከጅማ የተገኘችውን በሌላ አገር ከማስፈሩም በላይ ለቧልት ይዳርጋል። የዝርያ ስም በድምፁ ይጻፋል እንጂ አይተረጎምም። በእንስሳት ጂኦግራፊ «ኢትዮጵያዊ ክልል» ይባል የነበረውም አገራችን ማለት አይደለም፤ ስክሌተር እ.ኤ.አ. በ1858 ከሰሐራ በስተ ደቡብ ላለው አፍሪካ የሰጠው ስም ነው። በ1977 «አፍሮትሮፒካል» በሚለው እንዲተካ የቀረበው ሐሳብ ተርጓሚዎችን ጭምር ከስሕተት የሚያድን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን «አዲስ ዝርያ» የሚለው አነጋገር ነው። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር በተገኘች ጊዜ ለአገሪቱ እንግዳ ነበረች እንጂ ለሳይንስ አዲስ አልነበረችም፤ በእስያ ከታወቀች ዘመናት አልፈዋል። «መጤ ዝርያ» ቢባል ነገሩ ግልጽ ይሆን ነበር። «ዝርያ» የስንዴንም የከብትንም ዓይነት ስለሚሸከም፣ አንባቢው የቀድሞዋ ትንኝ ጠባይ የለወጠች ይመስለዋል።

የቃሉ ግድፈት ጉዳት አለው። ይህች መጤ በከተማ ውስጥ ውሃ በተጠራቀመበት ዕቃ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርስዋ ጋር ተያይዟል። የተለመደው የጤና ትምህርት ግን «ረግረግን አፋስሱ» ይላል። ረግረግ በደጁ የሌለው የከተማ ሰው ነገሩ እርሱን አይመለከተውም ብሎ ያልፋል። ተርጓሚው ከመርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ ምናለሽ ተራ ቢዘልቅ፣ ወደየክፍለ አገሩ የሚጫነውን ዕቃ ነጋዴው በምን ስም እንደሚጠራው ይሰማል፦ ሮቶ፣ በርሚል፣ ጀሪካን። «የውሃ ማጠራቀሚያ አካላት» ከሚለው የቢሮ አማርኛ ይልቅ በጤና ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ «ክዳን የሌለው ሮቶና በርሚል የወባ ትንኝ ይፈለፍላል» ተብሎ።