እናቲቱ ነጭ ትሁን

ጤፍ ማዳቀል ለሚማሩ ወጣቶች አስቀድሜ የምነግራቸው፣ ነጩን እናት፣ ቀዩን አባት እንዲያደርጉ ነው። ነገሩ ከአበባው ጠባይ ይመጣል። የጤፍ አበባ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፤ በራሱ ብናኝ ተዳቅሎም ይዘጋል። ዶ/ር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሰዓት እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍ በእጅ የሚዳቀል አይመስልም ነበር። ዛሬም በማጉያ ሥር ሦስቱን የወንዴ ከረጢቶች በመርፌ ጫፍ ስናወጣ አንዱ ካመለጠ እናቲቱ ራሷን ታዳቅላለች፤ የተገኘው ዘርም እውነተኛ ዲቃላ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም።

የሚለየው ሲዘራ ነው። ቀይነት ዶሚናንት፣ ነጭነት ሪሴሲቭ ስለሆነ ከእናቱ ነጩን፣ ከአባቱ ቀዩን የወረሰ ተክል የሚያፈራው ቀይ ነው። ያ ተክል ነጭ ካፈራ የአባትየው ብናኝ አልደረሰም ማለት ነው። እናቲቱ ቀይ ብትሆን ኖሮ ሁለቱም ቀይ ስለሚያፈሩ ለመለየት አንድ ትውልድ እንጠብቅ ነበር።

ጀማሪዎች ካዳቀሏት ነጭ እናት ላይ ነጭ ዘር ሲለቅሙ ቅር ይላቸዋል። ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን የለውም። የፍሬው ቀለም ያለው በውጭ ሽፋኑ ላይ ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ የእናት አካል ነው፤ ዘሩ በእናቱ ልብስ ይወጣል። ሜንዴልም በ1866 ባሳተመው ጥናቱ ይህን ለይቶታል። 5474 ድቡልቡልና 1850 የተጨማደደ አተር ሲቆጥር የፍሬው ቅርጽ የጽንሱ ስለሆነ እዚያው ፍሬው ላይ አየው፤ የሽፋኑን ቀለም ለማየት ግን ዘሩን ዘርቶ 929 ተክሎች አሳድጓል፤ 224ቱ ነጭ ሆኑ። ስለዚህ ከአንድ ዲቃላ ተክል ዛላ ሰርገኛ አይለቀምም። ሰርገኛ የሚሆነው የብዙ ተክል ምርት አውድማ ላይ ሲቀላቀል ነው።

በሁለተኛው ትውልድ ነጭ የሚያፈራው ተክል፣ ቀለሙ በአንድ ጂን የሚወሰን ከሆነ፣ ከአራት አንድ ነው። ጤፍ ግን አራት እጥፍ ክሮሞሶም አለው፤ ሁለት ጂኖች አንዱን ሥራ ከተጋሩት ነጩ ከ16 አንድ ይሆናል። በትንሽ መደብ የዘራ ሰው ነጭ ሳያይ ቢቀር አይደንቅም።

ቀለም ገና ቀላሉ ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ንጣቱን ከማኛ፣ ምርታማነቱን ከዱከም ዝርያ ነው የወሰደው፤ ምርታማነት ግን ብዙ ጂኖች የሚረባረቡበት ስለሆነ ዶሚናንትና ሪሴሲቭ ብሎ ለሁለት መክፈል አይቻልም።

ነጭ ካገኘሁ ራሱን ስለሚያዳቅል ከእሱ ቀይ አልጠብቅም። የሚያስቸግረኝ ቀዩ ነው፤ ቀለሙ በአንድ ጂን ሲወሰን እንኳ ከሦስት ቀይ ተክል ሁለቱ ነጩን ይደብቃሉ። የእያንዳንዱን ዘር ለየብቻ በመስመር እዘራለሁ። በመስመሩ ነጭ የሚያፈራ አንድ ተክል እንኳ ከታየ እናትየው ድብቅ ነጭ ይዛ ነበር። 16 ተክል በቅሎ አንድም ነጭ ካልታየ፣ ቀለሙ በአንድ ጂን ከተወሰነ ድብቅ ነጭ ይዛ የማምለጥ ዕድሏ ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ በዚህ መጠን መተማመን እችላለሁ።