ሳይበስል ስለሚለቀም ፍሬ

የወለጋ ሰው ቡናን ያውቃል። ፍሬው ሳይቀላ የለቀመ ገበሬ ለጊዜው ጆንያው ይሞላለታል፤ ነገር ግን ገበያ ሲደርስ ነጋዴው አንድ እፍኝ ዘግኖ ያይና ዋጋውን ይሰብርበታል። በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ የሚጠራው የአገራችን ቡና ስሙን ያገኘው በችኮላ አይደለም። ቡናን በዚህ ጥንቃቄ የምንለቅም ሰዎች ልጆቻችንን ከእግር ኳስ ሜዳ የምንለቅመው ግን በሌላ ሕግ ነው። ዛሬ ልነቅፍ የተነሣሁትም ይህንኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በነቀምት ጨለለቂ ሰፈር ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ጥቂት ቆመህ ተመልከት። ቦታው ጠባብ፣ ኳሱ ትንሽ፣ ተጫዋቹ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጁ ወዶም ሆነ ሳይወድ ያስባል፤ ጉልበት ስለማያዋጣው በዘዴ ያመልጣል። በሠለጠነው ዓለም ያሉ አሠልጣኞች ለሕፃናት የሚያዝዙትም ይህንኑ ነው። የአዋቂውን 5 ቁጥር ኳስና ሰፊውን ሜዳ ለሕፃን አይሰጡም፤ በ3 እና በ4 ቁጥር ኳስ፣ በጠባብ ሜዳ፣ አምስት ለአምስት አድርገው ያጫውቱታል፤ ይኸውም ኳሱን ደጋግሞ እንዲነካ ብለው ነው። የድኻ ልጆቻችን ይህን ትምህርት ያለ መምህር አግኝተውታል። ጥፋቱ የሚጀምረው እኛ ትልልቆቹ ማልያና ዋንጫ ይዘን የመጣን ዕለት ነው።

ከ17 ዓመት በታች፣ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ውድድር የተሠራው ልጅ ከእኩያው ጋር ተጫውቶ እንዲያድግ ነው። እኛ ግን ዋንጫውን ስለምንሻ የ19 ዓመቱን ጎረምሳ «16 ዓመቱ ነው» ብለን እንጽፋለን። ይህም ሐሰት ሦስት ሰዎችን ይጎዳል። አንደኛ፣ ጎረምሳው ራሱ ታናናሾቹን በትከሻው እየገፋ ስለሚያሸንፍ ብልኀት መማር አያሻውም፤ ወደ አዋቂዎች ቡድን በገባ ጊዜ ግን የሁሉም ትከሻ እንደ እርሱ ነውና ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለተኛ፣ እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ቦታውን ይነጠቃል። ሦስተኛ፣ በሐሰተኛ ወጣት ተደጋግሞ የተታለለ የዋናው ቡድን አሠልጣኝ እውነተኛውንም አያምንም፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለ ያለቀለትን ተጫዋች ከሩቅ በብዙ ገንዘብ ይገዛል።

ይህን ስጽፍ ከኃጢአቱ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የወለጋ ከተማ መምህር ሳለሁ የትምህርት ቤታችንን ቡድን የምመራ እኔ ነበርሁ። ለውድድር ስንዘጋጅ የአንድ ትልቅ ልጅ ዕድሜ በሦስት ዓመት ተቀንሶ የተጻፈበት ወረቀት ቀረበልኝና እያወቅሁ ፈረምሁ። በእርሱ ቦታ ይሰለፍ የነበረው ቀጭን ልጅ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው የምገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የሚመጣው ዓመት» አልሁት። ዋንጫውን አገኘን፤ በሰልፍም ተጨበጨበልን። በሚመጣው ዓመት ግን ያ ልጅ ወደ ሜዳ አልመጣም።

ትልቁም ልጅ ቢሆን አልተጠቀመም። አንድ ክለብ ወስዶት አንድ ዓመት ከተቀያሪዎች ወንበር ሳይነሣ ተመለሰ። ኋላ ሥራ ሊቀጠር ሲል በትምህርት ማስረጃው ያለው ዕድሜና በመታወቂያው ያለው ስላልተስማማ ስንት ደጅ ጠና። ቀጭኑን ልጅ ዛሬም አልፎ አልፎ በገበያ አገኘዋለሁ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት ሰላም ይለኛል። ስለ ኳስ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ ልጆች በልጅነታቸው ማሸነፋቸው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ የአገራችን ታሪክ ያስረዳል። በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወጣት ቡድን በአገሩ በተደረገው የአፍሪካ ወጣቶች ውድድር አራተኛ ወጥቶ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ዓለም ወጣቶች ዋንጫ ተሻገረ። በዚያም ሦስቱን ጨዋታ ተሸነፈ፤ ቢሆንም እዚያ መድረሱ ራሱ ክብር ነበረ። ስለ እነዚያ ልጆች ዕድሜ የምናገረው ነቀፋ የለኝም፤ ትጋታቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ዋናው ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ነው። ከወጣቱ ቡድን ወደ ዋናው የሚያሻግር ድልድይ ካልተሠራ ወጣቱ ወንዝ ዳር ቆሞ ያረጃል።

ሕዝብ የሚያስታውሰው የበሰለውን ፍሬ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ ግብፅ በአዲስ አበባ 4 ለ 2 የተሸነፈችበትን ቀን ያልተወለደው ሁሉ ይተርከዋል። እኔ ፈርሜ ያመጣሁት ዋንጫ ግን በአንድ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ቀርቷል።

«ሌላው ሁሉ ሲዋሽ እኛ ብቻ እውነት ብንናገር እንሸነፋለን» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ ለጊዜው እንሸነፍ ይሆናል። ነገር ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ፊፋ በ2002 ዓ.ም. በናይጄሪያ ከተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የልጆቹን የእጅ አንጓ አጥንት ኤም አር አይ በሚባል መሣሪያ እየመረመረ ነው። ውሸቱ የሚጀመረው ግን ከዚያ መሣሪያ እጅግ በራቀ ስፍራ፣ በአንድ ትንሽ ቢሮ፣ በአንድ መምህር ብዕር ነው። እዚያ ካልቆመ የትም አይቆምም።

ስለዚህ የወጣት አሠልጣኝን ስንመዝን ስንት ዋንጫ አመጣ አንበል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱን ልጅ ለዋናው ቡድን አስረከበ ብለን እንጠይቅ። ቀጭኑም ልጅ በየጨዋታው ድርሻውን ይጫወት። የዋናው ቡድን መሪም በየዓመቱ አንድ ሁለት ወጣት አሰልፎ ስሕተታቸውን ይታገሥ፤ እርሱም ቢሆን ሳይሳሳት አላደገምና። ወላጅም የልጁን እውነተኛ ዕድሜ ይናገር፤ የተናገረውንም ይጠብቅ።

አንተም ወንድሜ መምህር፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ይቀርብልህ ይሆናል። ከመፈረምህ በፊት ቀና ብለህ በሜዳው ዳር የተቀመጠውን ልጅ እይ።